አብዲኤል የገደለው ፈረስ

ፈረሱን የገደለው አብዲኤል ነው። በጥይት አይደለም፣ በቢላም አይደለም፤ በአውራ ጣቱ ነው የገደለው። ያውም እሁድ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤል ፕሮግሬሶ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ድልድይ ወረድ ብሎ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አለች። ሽማግሌው ሊሳንድሮ እዚያ በየዓመቱ አንዴ የሚሰብካት ስብከት ነበረችው፤ ሳውል ወደ ደማስቆ ሲሄድ ብርሃን ከሰማይ ወርዶ የጣለው ታሪክ። ሊሳንድሮ በጉልበቱ ዘመን ሙዝ ጫኝ ነበር፣ ድምፁ ማይክ አይፈልግም። ታዲያ ስለ ሳውል ሲሰብክ ዋናው ሳውል አይደለም፤ ፈረሱ ነው። አመድማ ፈረስ። ብርሃኑን ከጌታው ቀድሞ ያየው እሱ ነው። የፊት እግሮቹን አንስቶ ይቆምና ሳውልን ከነትዕቢቱ አቧራ ላይ ይዘረጋዋል። «ወገኖቼ! ፈረሱ አወቀው! ሊቁ ግን መሬት ላይ ተዘርግቶ ገና ማን ነህ እያለ ይጠይቃል!» ሲል ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ይደበድባሉ። ያንን ፈረስ በልጅነታቸው የሰሙ ሰዎች አግብተው ወልደው፣ ልጆቻቸውን ይዘው እየመጡ ደግመው ይሰሙታል።

አብዲኤል ደግሞ አዲሱ ፓስተር ነው። የሰፈሩ ልጅ ነው፣ ከሊሳንድሮ ልጅ ከዳማሪስ ጋር እኩያ። ልጆች እያሉ «የሰይፍ ውድድር» በሚሉት የጥቅስ ፍለጋ ጨዋታ ይፋለሙ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱን ዘግተህ ከራስህ በላይ ታነሳለህ፣ መምህሩ ምዕራፍና ቁጥር ይጮሃል፣ ቀድሞ ጣቱን ያሳረፈ ቆሞ ያነባል። ሁሌም ቀድማ የምታሳርፈው ዳማሪስ ነበረች። አብዲኤል ፓስተር በሆነ ማግስት መጀመሪያ ያስቀረው ያንን ውድድር ነው። «ስልኩ በሰከንድ ያገኘዋል፣ ምን ያራውጠናል?» ነው ያለው።

እና በዚያ እሁድ፣ ፈረሱ እግሮቹን ሊያነሳ ሲል፣ አብዲኤል ከፊት ወንበር ብድግ አለ።

«ወንድም ሊሳንድሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈረስ የለም።»

«ምን አልክ?»

«ፈረስ። አሁን ፈለግኩት። ሳውል ወደቀ ነው የሚለው፣ ከምን ላይ እንደወደቀ አይልም። በእግሩ ሊሆን ይችላል።» ስልኩን ወደ ሕዝቡ አዞረ፤ ፍለጋው ባዶ ነው፣ ነጭ ብቻ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ሳቁ አመለጠው።

ሊሳንድሮ መነጽሩን አደረገ። አትሮኖሱ ላይ ያለውን መጽሐፍ በጣቱ እየተከተለ ወረደ፣ ገጹን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ። ከዚያ «የለም» አለ። ዘግቶት ወረደና ልጁ ዳማሪስ አጠገብ ተቀመጠ።

አብዲኤል ፊት ለፊት ቆሞ ቀጠለ። «ስሜት ሌላ፣ እውቀት ሌላ ነው ወገኖች። ሳናረጋግጥ የምንናገርበት ዘመን አልፏል።» ከዚያ ስለ አዲሱ አፕ ማብራራት ጀመረ። ፋኖስ ይባላል፣ ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ ጫኑት።

ዳማሪስ አንዲት ቃል አልሰማችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው፤ አብዲኤል እዚያችው ቦታ ላይ ቆሞ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ «የለም» የምትለውን ቃል በራሱ አፍ እንዲናገር። ሌላ ምንም። ይቅርታም አላማራትም።

ሊሳንድሮ ከዚያ ወዲያ አልሰበከም። ገበያ ሲወጣ ጎረምሶቹ ከኋላው እንደ ፈረስ ያሽካኩበት ጀመር። እሱም መውጣት ተወ። በረንዳው ላይ ገመድ አልጋው ውስጥ ተጋድሞ ጣሪያ ያያል።

«ግን እኮ ይታየኛል፣ የኔ ልጅ» አላት አንድ ቀን።

«ምኑ አባዬ?»

«ፈረሱ። አንገቱ ላይ ያለው ላብ ሳይቀር ይታየኛል። ከየት አመጣሁት?»

«እኔ እንጃ። ያኔ መድኃኒት ቤቱ የሚያድለው ካላንደር ላይ ሥዕል አይተህ ይሆናል።»

«ካላንደር!» አለ ሊሳንድሮ። «ዕድሜዬን ሙሉ ካላንደር ሰበክሁ በይኛ።»

ምላሷን ልትቆርጠው ደረሰች። የሚያንገበግባት ደግሞ አብዲኤል ትክክል መሆኑ ነው። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ጮኻ ሰድባው ይወጣላት ነበር። ትክክል የሆነን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

ጭራሽ እሱ ራሱ አሮጌ ስልክ ይዞ ቤታቸው መጣ። «ወንድም ሊሳንድሮ፣ ይቺን ይያዙ። ፋኖስን ጭኜበታለሁ። ሲሰብኩ እያረጋገጡ እንዲሰብኩ ብዬ ነው።» ሊሳንድሮ በሁለት እጁ ተቀብሎ «ጌታ ይባርክህ» አለ። ዳማሪስ በጓሮ በኩል ዞራ ሲሚንቶ ገንዳው ላይ ልብስ ማሸት ጀመረች። ልብሱ ንጹሕ ነበር።

እሷም ፋኖስን ጫነችው። ለመማር እንዳይመስላችሁ፤ ጠላትህ የሚተኛበትን ክፍል ማወቅ አለብህ። ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብላ ትመረምረዋለች። አፑ ላይ እያንዳንዱ ምዕመን በየጥቅሱ ሥር ያጠናውን ይጽፋል፤ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። መጨረሻው ላይ የሆነ ሊቅ ወይ የሆነ መጽሐፍ ምንጭ አድርገህ ከጠቀስክ አብዲኤል አረንጓዴ ኮከብ ይሰጥሃል። ኮከብ ያለው ማስታወሻ «የተረጋገጠ» ተብሎ ከላይ ይወጣል።

ዳማሪስ አንድ ነገር ገባት። ኮከቡ የሚመጣው ወዲያው ነው። ሰው አንድ ክንድ የሚረዝም ጽሑፍ ለጥፎ ስልኩን ኪሱ ሳይከት ኮከቡ ይደርሳል። ማንም በዚያ ፍጥነት አያነብም። አብዲኤል ጅራቱን እያየ ነው ኮከብ የሚያድለው! ስም አለ? አለ። በቃ፣ ኮከብ። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ወዲያው አብዲኤል በምዕመናኑ የስልክ ቡድን መልእክት ላከ። የቤተ ክርስቲያኗ የምሥረታ በዓል ሲከበር፣ የዞኑ ቤተ ክርስቲያኖች በሙሉ በሚመጡበት፣ የሚሰብከው ስለ ማዕበሉ ነው። ኢየሱስ ጀልባዋ ውስጥ ትራስ ላይ ተኝቶ ደቀ መዛሙርቱ የሚንጫጩበት።

ዳማሪስ ጻፈች። እዚያው አውቶቡስ ውስጥ፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ በሌላው እየነካች። በገሊላ ዓሣ አጥማጆች ደንብ ጀልባ ላይ ያለችው ትራስ አንዲት ናት አለች፤ ትራሷ ላይ የሚተኛው ለጀልባዋ ዋስ የሆነ ሰው ነው። ጀልባዋ ብትሰጥም መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው፣ ተሳፋሪው ካልተረፈ እሱም አይተርፍም። ስለዚህ ኢየሱስ ትራሱ ላይ ሲጋደም ደክሞት ብቻ አይደለም፤ እናንተን ሳላወጣ አልወጣም ብሎ መፈረሙ ነው። የራሷን ስም ትታ ከሥሩ «ዲሜትሪዮ ዘሴፎሪስ፣ የሐይቁ ሰዎች ልማድ፣ ሁለተኛ ክፍል» ብላ ጨመረች። ዲሜትሪዮ የሚባል ሰው የለም። ደንቡም የለም። ትራሱ ብቻ አለ።

ከአውቶቡስ ሳትወርድ ኮከቡ መጣ። በማግስቱ አብዲኤል ለሁሉም ጻፈ፤ «ወገኖች፣ ማርቆስ አራት ሥር ያለውን አንብቡ። እንዲህ ያለ ጥልቀት አይቼ አላውቅም። በበዓሉ እንመለስበታለን!»

ዳማሪስ መስታወት ፊት ቆማ ተለማመደች። አብዲኤል ዋሱን፣ ዲሜትሪዮን ሲጠራ ብድግ ትላለች። «ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዲሜትሪዮ የለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳያረጋግጡ ነው የተናገሩት?» ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ደጋገመችው። «ያድርጉልኝ» የምትለው ላይ ፈገግ ማለት እንዳለባትም ወሰነች።

የበዓሉ ቀን ሰው ከቤተ ክርስቲያኗ ተርፎ መንገድ ላይ ወንበር ተዘረጋለት። ጓሮ ውስጥ ቂጣው እየተጋገረ፣ ባቄላው እየተቀባ፣ የባሌያዳ ሽታ በመስኮት ይገባል። ዳማሪስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከጎረቤቷ ከእህት ኦዴሊያ ጋር ተቀመጠች። ኦዴሊያ የቀረባትን ሁሉ በክርኗ የምትደቃ ሴት ናት።

«አንቺ፣ ዛሬ ምነው እንደ ሙሽራ ተኳኳልሽ? ባል ተገኘ እንዴ?»

«ለቀብር ነው።»

«ማን ሞተ?»

«ቆይ፣ ገና ነው።»

«ኤዲያ! አንቺስ ጤና የለሽም» አለችና ኦዴሊያ በክርኗ ደቃቻት።

ከስብከቱ በፊት እንደ ልማዱ የምስክርነት ጊዜ ነው፤ የፈለገ ይነሳና ጌታ ያደረገለትን ይናገራል። አንዷ ከኩላሊት ጠጠር መዳኗን ተናገረች። አንዱ ሞተር ሳይክሉ እንዴት እንደተገኘችለት ተረከ። ቀጥሎ ግራ በኩል ወንበር ተንቋቋ። ዳማሪስ ዞር አለች።

አባቷ ቆሟል።

ከኋላ አንዱ ሊያሽካካ ሞክሮ አንዲት እናት ማጅራቱን በጥፊ ስታጮለው ተሰማ።

«ወገኖች» አለ ሊሳንድሮ። ድምፁ ቀጥኗል። «እኔ ከዚያ ቀን በኋላ መናገር ፈርቼ ነበር። ደግሞ ምን ከራሴ ፈጥሬ እናገር ይሆን እያልኩ። ፓስተር ስልክ ሰጠኝ። ዓይኔ እንደምታውቁት ነው፣ ግን ሳጠና ከረምኩ። ጌታ ሆይ፣ እውነት የሆነች አንዲት ነገር ስጠኝ፣ አንዲት ብቻ አልኩት። እና ሰጠኝ።» ቆም አለ። «ትራሷን ታውቋታላችሁ?»



ሊሳንድሮ ትራሷን ተናገረ። አቤት አነጋገር! እሷ አውቶቡስ ውስጥ በአውራ ጣቷ የጫረችው ነገር እሱ አፍ ውስጥ ሲገባ ሌላ ሆነ። የእንጨቱን ሲጢጥታ አሰማቸው፣ ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደረሰ። «አልተኛም እኮ!» አለ፤ ድምፁ ተመልሶ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። «ፈርሞ ነው የተጋደመው! አንተ ካልወጣህ እኔም አልወጣም ብሎ ነው! ሙዝ ሳወርድ እግሬ ሲሰበር ማን ዋስ ሆነኝ? ሚስቴን ስቀብር ማን አብሮኝ ሰጠመ?»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ወንበር ተደበደበ። እንግዳ ፓስተሮች ሳይቀሩ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ። ዳማሪስ መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ ጨምቃ ይዛ አብዲኤልን አየችው። ስልኩን አውጥቷል። አውራ ጣቱ ይሄዳል። እንደዚያን ቀን ብድግ አለ።

«ወንድም ሊሳንድሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ...»

ሽማግሌው እንደ ተመታ ሰው ትከሻውን ሰበሰበ።

«...አለ!» አለ አብዲኤል። «እዚህ አለ፣ ከነኮከቡ! ቃል በቃል!» ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? አለቀሰ። ሄዶ ሽማግሌውን አቀፈው። «በድዬዎታለሁ። ፈረሱን ስወስድብዎ የሰበርኩት እርስዎን ነው። ዛሬ የምሰብከውን ሰብከውልኛል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ምሽት ይህ አትሮኖስ የእርስዎ ነው።»

ኦዴሊያ በክርኗ ደቃቻት። «አንቺ፣ ተነሺ እንጂ! አባትሽ እኮ ነው!»

ዳማሪስ ተነሳች። የተለማመደችው ሁሉ ጥርሷ ሥር አለ፤ ብትከፍተው ይወጣል፣ የሚመታው ግን አብዲኤልን አይደለም። ሰው ሁሉ ደስ ብሏት የቆመች መሰለው። እሷም «አሜን» አለች፤ መርፌ የምትውጥ ያህል ነው ያለችው።

በቀሉ ሄደ ብትሉኝ፣ አልሄደም፤ ጭራሽ ባሰበት። አብዲኤል ሰብሮ፣ አልቅሶ፣ ታቅፎ፣ ይቅር ተብሎ፣ ባሌያዳውን በልቶ ወደ ቤቱ ገባ። በነጻ! እሷን ማን ጠየቃት?

ማክሰኞ ከሰዓት አብዲኤል ሽማግሌውን ሊጠይቅ መጣ። ዳማሪስ የአጥር በሩ ላይ ጠበቀችው፤ አላስገባችውም።

«ዲሜትሪዮ ዘሴፎሪስን አነበብከው?»

«ማስታወሻውን ነዋ። ድንቅ ነው።»

«መጽሐፉን ነው የምልህ።»

«መጽሐፉ... እሱ አይገኝም መሰለኝ።»

«አይገኝም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አውቶቡስ ውስጥ። ዲሜትሪዮ እኔ ነኝ።»

አብዲኤል መሳቅ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። «ትቀልጃለሽ።»

ስልኳን አወጣችና ማስታወሻውን ከራሷ አካውንት ከፍታ አሳየችው፤ የቀኑን፣ የሰዓቱን ሁሉ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ኮከብ አለው እኮ» አለ።

«ኮከቡን ማን ሰጠው?»

«እኔ።»

«ለምን ሰጠኸው?»

«ምንጭ ስለነበረው...» አለ።

«ሳውልን ሺህ ጊዜ ብታነበው ኖሮ ለፈረሱ ስልክ አትፈልግም ነበር። አንተ ጥቅሱን በስልክ ማግኘት እንጂ ማወቅ መቼ ለመድክ? ልጅም ሳለህ ቀድሜህ ነበር የማገኘው።»

«ለዚህ ነው? እኔን ለማዋረድ? በእግዚአብሔር ቃል ሥር ውሸት...»

«አዎ! ለዚህ ነው። አባቴን ያዋረድከው በእውነት ነበር፣ እኔ ደግሞ እውነት አልነበረኝም፣ ባለኝ መጣሁ።»

«ለቤተ ክርስቲያኗ እናገራለሁ። ዛሬውኑ። እውነት እውነት ነው።»

ዳማሪስ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት። ይህችን ደቂቃ ሌት ተቀን ጠብቃታለች። «ግባ። በረንዳው ላይ ነው። መጀመሪያ ለእሱ ንገረው። ፈረሱን እንደነገርከው አድርገህ ንገረው፤ ታውቅበታለህ።»

አብዲኤል ገባ። እሷ ኩሽና ገብታ የአናናስ ጭማቂ በጆግ ቀዳችና፣ እንዳያመልጣት ፈጥና ተከተለችው።

ሊሳንድሮ ገመድ አልጋውን ትቶ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተላጭቷል። ሸሚዝ ለብሷል። መጽሐፍ ቅዱሱና ስልኩ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል።

«ፓስተር! እንኳን መጣህ፣ ና ተቀመጥ። ይቺን ፊደል አተልቅልኝ እስቲ፣ ጉንዳን ሆናብኛለች።»

አብዲኤል ተቀመጠ። ስልኩን ተቀበለ። ፊደሉን አተለቀለት። ዳማሪስ ግድግዳ ተደግፋ ታየዋለች፤ እስቲ በል እንጂ፣ ንገረዋ፣ እውነት እውነት ነው አላልክም?

«ወንድም ሊሳንድሮ» አለ።

«አቤት።»

«ያ ማስታወሻ... የትራሱ...»

«ወይኔ እሱን አታንሳብኝ! ከዚያ ወዲህ በደንብ ተኝቼ አላውቅም፣ ከደስታ ብዛት! ትናንት ገበያ ወጣሁ እኮ። ጎረምሶቹ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ‹ዋሱ!› እያሉ ነው የሚጠሩኝ።» ሽማግሌው ሳቀ፣ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። «ምን ልትለኝ ነበር?»

አብዲኤል ሽማግሌውን አየ። ዳማሪስን አየ። እሷ ጭማቂውን በብርጭቆ እየቀዳች በጣም ጣፋጭ ፈገግታ አሳየችው።

«ምንም» አለ። «ጥሩ ነበር ልልዎ ነው።»

ዳማሪስ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፈታ ተሰማት። ተያዘ! ዕድሜ ልኩን፣ ይህ ሽማግሌ አትሮኖስ ላይ በወጣ ቁጥር፣ አብዲኤል አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። ያውም አውቆት። ከማዋረድ ይሻላል እንጂ አያንስም። «ልጨምርልህ ፓስተር?» አለችው፤ ገና ከብርጭቆው አልጠጣም።

«እኔ ደግሞ የምጠይቅህ አለኝ» አለ ሊሳንድሮ። «ይህ ዲሜትሪዮ፣ ሌላ የጻፈው የለም? ለእሁዱ አስቤ ነበር። እንዲህ የሚያስብ ሰው አንዲት ብቻ ጽፎ አይተውም መቼም።»

አብዲኤል ብርጭቆውን አንስቶ እስከ ግማሹ ጠጣ። አፉን ጠረገ። ከዚያ ቀና ብሎ ዳማሪስን አያት፤ ልጅ ሳሉ መጽሐፉን ከራሱ በላይ አንስቶ ጩኸቱን ሲጠብቅ ያያት እንደነበረው ዓይነት አስተያየት።

«አለው» አለ። «ብዙ አለው ወንድም ሊሳንድሮ። ምን አንድ ብቻ! ከእንግዲህ በየሳምንቱ ዓርብ ፋኖስ ላይ ይወጣል።»

«በየሳምንቱ?» ሽማግሌው ተነሳ።

«በየሳምንቱ። ሳያቋርጥ። እኔ ራሴ አነበዋለሁ፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ። የተሳሳተች ቃል ካለችው ኮከብ አልሰጠውም፣ እርስዎም እንዳይሰብኩት እነግርዎታለሁ።»

«ሰማሽ ዳማሪሴ? በየሳምንቱ!» ሊሳንድሮ ልጁን ትከሻዋን ይዞ ወዘወዛት። ጆጉ ዘንበል ብሎ ጭማቂው እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«ሰማሁ አባዬ» አለች ዳማሪስ።

አብዲኤል ብርጭቆውን ዘረጋላት። «እስቲ ጨምሪልኝ» አለ።